የቆሰለ ዋላ ዱካ በቃላት ታሪክ

ቀስተኛ ፍላጻውን ከሰደደ በኋላ ያለው ጊዜ በብዙ ቋንቋዎች የራሱ የሆኑ ቃላት አሉት። አውሬው ተወግቶ ይሸሻል፤ ከዓይን ይሰወራል፤ ለአዳኙ የሚቀርለት በቅጠል ላይ የወደቀ የደም ጠብታ፣ የተሰበረ ጭራሮ፣ በጭቃ ላይ የታተመ ሰኮና ብቻ ነው። ከዚህ በኋላ የሚመጣውን ሥራ፣ ይኸውም የቆሰለውን እንስሳ ተከታትሎ ማግኘትን፣ አውሮፓውያን ከስድስት መቶ ዓመት በላይ ሲጽፉበት ኖረዋል። የቃላት ታሪክ የሚያጠና ሰው ወደዚህ የአደን ሥነ ጽሑፍ የሚመለስበት በቂ ምክንያት አለው። በጫካ ውስጥ የተወለዱ ብዙ ቃላት ዛሬ የሚኖሩት በፖሊስ ጣቢያ፣ በቤተ መጻሕፍትና በምርምር ተቋም ነውና። ለእኛ ግን ከዚህ የቀረበ ሌላ ምክንያት አለን፤ እነዚህ ጽሑፎች ወደ አማርኛ ሲመለሱ ደም፣ ኮቴና መንገድ በአንድ ቃል እየተጠቀለሉ ትርጉሙ ሲበላሽ ተመልክተናል። (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የሚገኙት ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር የተሰጡ ናቸው።)

ነገሩን እንድናነሣው ያደረገን ከጀርመንኛ የተመለሰ፣ ስለ ደንና ስለ ዱር እንስሳት አጠባበቅ የሚናገር አንድ ረቂቅ ነው። በረቂቁ ውስጥ «የላብ ውሻ» የሚባል እንስሳ አገኘን። ይህ ውሻ፣ እንደ ረቂቁ አነጋገር፣ የተመታውን ዋላ «የላብ ነጠብጣብ» እያሸተተ ይከተላል፤ ላቡ ቀላ ብሎ አረፋ ከያዘ አዳኙ ብዙ ሳይቆይ ሊነሣ ይችላል፤ ላቡ ከጠቆረ ግን ሰዓታት መታገሥ አለበት። ከመካከላችን አንዱ «ቀይ ላብ የሚያልበው እንስሳ የትኛው ነው?» ብሎ እስኪጠይቅ ድረስ ሌሎቻችን አንብበን ያለፍነው መሆኑን ሳንደብቅ እንናገራለን። ተርጓሚው አልሰነፈም፤ «ሽቫይስ» የሚለውን የጀርመንኛ ቃል በመዝገበ ቃላት ፈልጎ ያገኘውን ነው የጻፈው። በዕለታዊው ጀርመንኛ ሽቫይስ ላብ ነው። በአዳኞች ቋንቋ ግን ሽቫይስ ከአውሬ ገላ የወጣ ደም ነው። ስለዚህም «ሽቫይስሁንት» የላብ ውሻ ሳይሆን የቆሰለ አውሬን ደም ተከታትሎ የሚያገኝ ውሻ ነው።

እዚህ ላይ ጥቂት መቆየት ይገባል። የጀርመን አዳኞች የራሳቸው የሆነ ሰፊ የሙያ ቋንቋ አላቸው፤ በዚህ ቋንቋ የአውሬው ጆሮ፣ ዓይን፣ እግርና ጅራት ሁሉ ከተራው አነጋገር የተለየ ስም ይሰጣቸዋል። ስለዚህ ሽቫይስን ብዙ ሰዎች የደምን ስም ላለመጥራት የተፈጠረ ማለዘቢያ አድርገው ይቆጥሩታል። ማለዘብ በአጠቃቀሙ ላይ የለበትም አንልም፤ ነገር ግን የቃሉ ታሪክ ከዚህ የራቀ ነው። በመካከለኛው ዘመን ጀርመንኛ የዚህ ቃል አባት ላብንም ደምንም ያመለክት ነበር። በጥንታዊው እንግሊዝኛም «ስዋት» የተባለው ዘመዱ ሁለቱንም ትርጉም ይዞ ይገኛል፤ ዛሬ በእንግሊዝኛ ላብ የሚባልበት ቃል ከዚያው የወጣ ነው። በ1000 ዓመተ ምሕረት ገደማ በተጻፈ ብራና በደረሰን ቤዎውልፍ በተባለው የጥንታዊ እንግሊዝኛ ግጥም ውስጥ «ስዋትስዋዙ» የሚል ጥምር ቃል አለ፤ የመጀመሪያው ክፍል ደም፣ ሁለተኛው ክፍል ዱካ ማለት ነው። ቃሉ በዚያ ስፍራ የተነገረው ስለ ጦርነት እንጂ ስለ አደን አይደለም፤ ቢሆንም እኛ ዛሬ በአማርኛ የምንፈልገውን ስም አንድ ቋንቋ ከሺሕ ዓመት በፊት በአንድ ቃል አስሮት እንደ ነበር ያሳያል። እንግዲህ የጀርመን አዳኞች አዲስ ቃል አልፈጠሩም፤ ሌላው ሕዝብ የጣለውን ግማሽ ትርጉም በጫካ ውስጥ ይዘው ቆዩ። የሙያ ቋንቋ ብዙ ጊዜ የሚሠራው እንደዚህ ነው፤ ተራው ተናጋሪ ያረጀውን ሲለቅ ባለሙያው ይዞት ይቀራል። በአገራችንም የሸማኔውና የአንጥረኛው አነጋገር ቢመረመር ተመሳሳይ ነገር ሳይገኝ አይቀርም ብለን እናምናለን።

ከጀርመን ወደ ፈረንሳይና ወደ እንግሊዝ ስንሻገር የምናገኘው የቃላት ጥበቃ ሳይሆን የቃላት ዝውውር ነው፤ ዋነኛው ባለ ታሪክም ተርጓሚ ነው። የፎይ ኮንት የነበረው ሦስተኛው ጋስቶን፣ ራሱን ፌቡስ ብሎ የጠራው፣ የአደን መጽሐፉን መጻፍ የጀመረው በ1387 ሲሆን መታሰቢያነቱን የሰጠው ለቡርጎኝ መስፍን ለፊልጶስ ነው። ጋስቶን በውሻና በፈረስ የሚደረገውን አደን ከሁሉ አብልጦ ይወድ ነበር፤ ስለ ቀስት አደንም ጽፏል፤ ነገር ግን ስለ ቀስት የበለጠ ማወቅ የሚፈልግ ሰው ወደ እንግሊዝ አገር ይሂድ፣ ሙያው የእነርሱ ነውና፣ የሚል ሐሳብ አስፍሯል። ደራሲ የዕውቀቱን ድንበር እንዲህ በግልጽ ሲያሰምር ማየት ያስደስታል።

መጽሐፉን ወደ እንግሊዝኛ የመለሰው የዮርክ መስፍን ኤድዋርድ ነው። ኤድዋርድ በንጉሥ ሄንሪ 4ኛ ዘመን የአደን ሹም ነበር፤ «የአደን ሹም» የሚል ስም ያለውን መጽሐፉንም በ1406 እና በ1413 መካከል አዘጋጅቶ በኋላ ሄንሪ 5ኛ ለተባለው አልጋ ወራሽ አበረከተው። ራሱ በ1415 በአዠንኩር ጦርነት ላይ ሞተ። ኤድዋርድ የጋስቶንን መጽሐፍ እንዳለ አልገለበጠም። በወጥመድ ስለሚደረግ አደን የሚናገሩትን ምዕራፎች ትቷቸዋል፤ በአንጻሩ ስለ እንግሊዝ ሥርዐት የሚናገሩ የራሱን ምዕራፎች ጨምሯል፤ ከእነዚህም አንዱ ንጉሡ በተመደበለት ስፍራ ቀስቱን ይዞ ሲቆም አውሬው ወደ እርሱ ስለሚነዳበት አደን ነው። ለተርጓሚ ግን ከተጨመረውና ከተቀነሰው ይልቅ የሚያስተምረው ያልተተረጐመው ነው። ኤድዋርድ ለዋላ ፋንድያ፣ ለዱካ፣ አውሬው ተከቦ ፊቱን ወደ ውሾች ለሚመልስበት ሁኔታና ለውሾች ዓይነት የፈረንሳይኛውን ስም በእንግሊዝኛ አነጋገር ለውጦ እንዳለ ተወው። እንግሊዞች ዋላ የማያውቁ ሰዎች አልነበሩም፤ ነገር ግን የቤተ መንግሥቱ አደን ከኖርማኖች ጀምሮ በፈረንሳይኛ ሲነገር ስለኖረ አዳኙ ራሱ የሚጠቀምበት ቃል ያ ነበር። እርሱም የሠራው ሰው በጫካ የሚለውን መጻፍ ነው። መጽሐፉ ለብዙ መቶ ዓመታት በብራና ቆይቶ በ1904 ታተመ።

ከውሾቹ ስም መካከል ሁለት ሦስቱ የዚህን ጽሑፍ ጉዳይ በቀጥታ ይነካሉ። በፈረንሳይኛ «ሊምዬ» የሚባለው ውሻ በአፍንጫው ብርታት ሳይሆን በማሰሪያው ነው የተሰየመው፤ ቃሉ የመጣው ገመድ ወይም ማሰሪያ ከሚል ጥንታዊ ቃል ነው። ይህ ውሻ ድምፅ ሳያሰማ፣ ከአሳዳሪው እጅ ሳይለይ፣ ዱካውን እያሸተተ ይመራል። «ቤርስሌት» የሚባለው ደግሞ በቀስት መምታት ከሚል ግሥ የወጣ ስም ስላለው የቀስተኛው ጓደኛ መሆኑን ስሙ ራሱ ይናገራል። እንግሊዞች «ብለድሃውንድ» የሚሉት፣ ትርጉሙም የደም ውሻ የሆነው፣ ሦስተኛው ነው። ጆን ኬየስ የተባለው የካምብሪጅ ሐኪም በ1570 ስለ ብሪታንያ ውሾች በላቲን በጻፈው መጽሐፍ የስሙን ምክንያት ሲያስረዳ፣ ውሻው ቆስሎ ያመለጠን አውሬ፣ ወይም ሞቶ በሌባ የተወሰደን፣ በደሙ ሽታ ተከታትሎ ስለሚያገኝ ነው ብሏል። መጽሐፉን አብርሃም ፍሌሚንግ በ1576 ወደ እንግሊዝኛ መልሶታል። በ19ኛው መቶ ዓመት ስሙ «የጥሩ ደም ዘር» ለማለት የተሰጠ ነው የሚል አስተያየት ተነሥቶ ዛሬም ይደጋገማል፤ ውሻው ደም የጠማው መስሎ እንዳይታይ ለባለቤቶቹ የሚመች አስተያየት ነው። እኛ ግን ከሦስት መቶ ዓመት በፊት የተጻፈውን የኬየስን ምስክርነት እንመርጣለን።

አራተኛው ስም ከሁሉ ረጅም መንገድ ተጉዟል። በጥንታዊው የኖርስ ቋንቋ «ስሎዝ» ዱካ ማለት ነበር። ከዚህ ቃል በስኮትላንድ «የዱካ ውሻ» የሚል ስም ወጣ፤ ጆን ባርቦር በ1375 ገደማ ስለ ንጉሥ ሮበርት ብሩስ በጻፈው ረጅም ግጥም ውስጥ እንዲህ ያለው ውሻ ንጉሡን ራሱን ሲያሳድድ፣ ንጉሡም ሽታው እንዲጠፋ በወንዝ ውስጥ ሲራመድ እናነባለን። በ19ኛው መቶ ዓመት በአሜሪካ ውሻው ከስሙ ላይ ወደቀና ቃሉ ወንጀል ለሚከታተል ሰው ተሰጠ። በፈረንሳይኛም ሊምዬ፣ የማሰሪያው ውሻ፣ ዛሬ ብልህ የወንጀል መርማሪ ማለት ነው። ሁለቱ ቋንቋዎች ሳይመካከሩ በአንድ መንገድ ሄደዋል። ከእነርሱም በፊት ሮማውያን «ዌስቲጊዩም»፣ ማለት የእግር አሻራ፣ ከሚለው ስም ዱካ መከተል የሚል ግሥ አበጅተው ነበር፤ የዛሬዎቹ አውሮፓውያን ምርመራ የሚሉት ከዚያ ግሥ ነው። የኮምፒዩተር ባለሙያዎች ከመዝገብ ውስጥ መረጃ ፈልጎ ለማውጣት የሚጠቀሙበት እንግሊዝኛ ግሥም በ15ኛው መቶ ዓመት ውሻ የጠፋበትን አውሬ እንደ ገና ሲያገኝ የሚነገር፣ ከፈረንሳይኛ የተወሰደ ቃል ነበር።

አሁን ወደ ሥራው ራሱ እንግባ፤ ሥራውን ያልተረዳ ቃሉን ሊመርጥ አይችልምና። ፍላጻ እንደ ጥይት በምት ኀይል አይገድልም፤ ስለቱ የደም ሥሮችን ቆርጦ ደም በማፍሰስ ነው የሚገድለው። በዚህም የተነሣ በደኅና ስፍራ የተመታ ዋላ እንኳ ብዙ ጊዜ በቆመበት አይወድቅም፤ ሮጦ ይሰወርና ነው የሚሞተው። ዱካ መከተል ለቀስተኛ አልፎ አልፎ የሚያጋጥም ሳይሆን የሥራው ግማሽ የሆነው ስለዚህ ነው። አዳኙ መጀመሪያ የሚሄደው አውሬው በተመታ ጊዜ ወደ ቆመበት ስፍራ ነው፤ ጀርመኖች ለዚህ ስፍራ «አንሹስ» የሚል ስም አላቸው፤ ቅርንጫፍ ሰብረውም ምልክት ያኖሩበታል። በዚያ የወደቀውን ጠጉርና ደም፣ ፍላጻውም ከተገኘ በላዩ ላይ ያለውን ይመረምራሉ። ደማቅ ቀይ ሆኖ አረፋ ያለው ደም ሳንባ መወጋቱን ይናገራል። የጠቆረ ቀይ ደም የጉበት ነው። ከደም ጋር አረንጓዴ ነገርና መጥፎ ሽታ ከተገኘ ሆድ ዕቃው ተበስቷል። ጀርመኖች እነዚህን «የሳንባ ሽቫይስ»፣ «የጉበት ሽቫይስ» እያሉ ያጣምሯቸዋል፤ ከሥጋ ላይ ብቻ የመጣውንም በራሱ ስም ይለዩታል።

ይህ ልዩነት ለውበት የተደረገ አይደለም፤ አዳኙ ምን ያህል ጊዜ እንደሚጠብቅ የሚወስነው ይኸው ነው። የዛሬ ቀስተኞች መመሪያዎች ሳንባው ለተመታው ግማሽ ሰዓት ያህል፣ ጉበቱ ለተመታው ሦስት አራት ሰዓትና ከዚያም በላይ፣ ሆዱ ለተመታው ከስድስት እስከ ዐሥራ ሁለት ሰዓት መታገሥን ይመክራሉ። የቆሰለ ዋላ ማንም ካላባረረው ብዙ ሳይርቅ ይተኛል፤ በተኛበትም ይሞታል። ቸኩሎ የሄደ አዳኝ ከተኛበት ካስነሣው ግን አውሬው ባለ በሌለ ኀይሉ ይሸሻል፤ ቁስሉ ደም መጣሉን ሊያቆም ይችላል፤ ዱካው ይጠፋል፤ እንስሳውም ማንም ሳያገኘው ተሠቃይቶ ይሞታል። «ላቡ ከጠቆረ» የሚለውን ዐረፍተ ነገር ያነበበ አማርኛ አንባቢ ይህን ማስጠንቀቂያ ከየት ያገኘዋል? የሙያ ቃል ሲሳሳት የሚጎዳው ዐረፍተ ነገሩ ብቻ አይደለም የምንለው ይህን ይዘን ነው።

ወደ አማርኛ ስንመለስ የመጀመሪያው ችግር የእንስሳው ስም ነው። በሳይንስ ዋላ የሚባለው ወገን፣ በየዓመቱ የሚወድቅና እንደ ገና የሚበቅል፣ ቅርንጫፍ ያለው የዐጥንት ቀንድ የሚያበቅለው፣ በኢትዮጵያ ዱር የለም፤ በአፍሪካም በተፈጥሮ የሚገኘው በአልጄሪያና በቱኒዚያ ብቻ ነው። ብዙ ተርጓሚዎች «አጋዘን» ብለው ይጽፉታል። አጋዘን ግን በአገራችን ባለቤት ያለው ስም ነው፤ የደጋ አጋዘን የባሌ ተራሮች ጌጥ ነው፤ ቀንዱም ዕድሜውን ሙሉ አይወድቅም። የግዕዝ መዝሙረ ዳዊት ወደ ውኃ ምንጭ የሚናፍቀውን እንስሳ «ሀየል» ይለዋል፤ ዕብራይስጡም በቅርብ የሚዛመድ ስም አለው። በሰፊው የሚነበበው የ1962ቱ የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስ በዚያው ስፍራ «ዋላ» ይላል። አንባቢው ዋላን ከመዝሙሩ ስለሚያውቀው፣ በዱር ውስጥም ሌላ ተሟጋች ስለሌለው፣ ለአውሮፓው እንስሳ ዋላ እንዲጸና ሐሳባችን ነው። ለሚወድቀው ቀንድ ግን እስካሁን የሚያረካ ስም አላገኘንም።

ሁለተኛው ችግር መሣሪያው ነው። ቀስተ ደመና የሚለው ስም እንደሚያሳየው ቀስት ጎባጣው እንጨት ነው፤ የሚወረወረው ፍላጻ ነው። በንግግር ግን «ቀስት ወረወረ» ሲባል የሚወረወረው ቀስት ይሆናል፤ ጎባጣውም ደጋን ይባላል፤ ደጋን ደግሞ ጥጥ የሚነደፍበትም ነው። አንድ ተርጓሚ በአንድ ገጽ ላይ ቀስትን ለሁለቱም ከተጠቀመበት አንባቢው ከዋላው ጎን ተሰክቶ የቀረው የትኛው እንደ ሆነ ግራ ይገባዋል። ቀስትና ፍላጻ ተለይተው ይጻፉ።

ሦስተኛውና ብዙ ያከራከረን የዱካው ስም ነው። አማርኛ በዚህ ድኻ አይደለም። ኮቴ አለ፤ ዱካ አለ፤ ዳና አለ፤ ፈለግ አለ፤ ፋና አለ። በእኛ አሰማም ኮቴ ወደ እግሩና ወደ አንዱ አሻራ ያዘነብላል፤ ዱካ አሻራውንም የአሻራውን ተከታታይም ይይዛል፤ ዳና ብዙ ኮቴ ያለፈበትን መስመር ያስታውሳል፤ ፈለግና ፋና ግን አብዛኛውን ጊዜ የአባትን ወይም የመምህርን አርአያ ለመከተል የሚነገሩ ሆነዋል። ከመካከላችን ግዕዝ ጠንቅቀው የተማሩ አንድ አባት ለደም ዱካ «ፈለገ ደም» የሚል ጥምረት አቀረቡ። አጭር ነው፤ ለጆሮም ያምራል። ነገር ግን ፈለግ በግዕዝ ወንዝ ነው፤ ፈለገ ግዮን ያለ ሰው የግዮን ወንዝ ማለቱ ነው። ስለዚህ ግዕዝ የሚያውቅ አንባቢ ፈለገ ደም ሲል የሚያየው በቅጠል ላይ የወደቁ ሦስት ጠብታዎችን ሳይሆን የደም ወንዝ ነው። አባታችን ይህን ተቃውሞ በሰሙ ጊዜ ስቀው «እንግዲያውስ አዳኙ ዋናተኛ ይሁን» ብለው ሐሳባቸውን አነሡ። በአማርኛው አገባብ «የደም ፈለግ» ማለት ይቻላል የሚሉ ነበሩ፤ ለግጥም ይሆናል፤ ለመመሪያ ግን ክቡድ ነው ተብሎ ቀረ።

በዚሁ ንግግር መካከል የአዳኝ ነገር ተነሣ። አደነ ከሚለው ግሥ የወጣው አዳኝ አውሬ ይገድላል፤ አዳነ ከሚለው የወጣው አዳኝ ነፍስ ያተርፋል፤ በንባብ የሚለዩት በመጥበቅና በመላላት ሲሆን ፊደላችን ይህን አያሳይም። ስለ ቆሰለ እንስሳ በሚናገር ጽሑፍ ውስጥ «አዳኙ ወደ ዋላው ቀረበ» የሚል ዐረፍተ ነገር ምን ያህል ሁለት ፊት እንዳለው መናገር አያስፈልግም። መፍትሔው ቀላል ነው፤ በቀስት ስለሚደረግ አደን ሲሆን «ቀስተኛው» ይባል።

የሕጉን ነገር በአጭሩ ብቻ እናነሣለን፤ ተርጓሚ በቃሉና በዘመኑ መካከል ያለውን ርቀት እንዲያውቅ ነው። ጋስቶን የቀስት ትምህርት ፈላጊዎችን የላከባት እንግሊዝ በ1963 በወጣው የዋላ ሕግ ዋላን በፍላጻ መምታት ከልክላለች። የሽቫይስ ቃላት ባለጸጋ የሆነችው ጀርመንም ሰኮና ያላቸውን የዱር እንስሳት በፍላጻ መምታትን በሕግ ትከለክላለች፤ በዚያ ውሻው የሚሠራው ከጠመንጃ በኋላ፣ ደግሞም በመኪና ለተገጩ እንስሳት ነው። ፈረንሳይ በአንጻሩ የቀስት አደንን በ1995 በሕግ አውቃዋለች። በአሜሪካ የዊስኮንሲን ግዛት በ1934 ለቀስተኞች ብቻ የተለየ የዋላ አደን ወቅት ፈቀደች፤ ሌሎች ግዛቶችም ተከተሏት። ዛሬ በብዙዎቹ ግዛቶች የቆሰለን ዋላ በማሰሪያ በተያዘ ውሻ መከተል ይፈቀዳል፤ ስሙ ሌላ ይሁን እንጂ ያ ውሻ የጋስቶን ሊምዬ ነው።

በመጨረሻም በካርዶቻችን ላይ የሰፈረው ይህ ነው። ለሽቫይስ በአደን ጽሑፍ ውስጥ «ደም» ይጻፍ፤ ማለዘቢያ አይፈለግለት። ጠብታው በጠብታነቱ፣ የሰኮናው አሻራ «ኮቴ» ተብሎ፣ ሁለቱ ተያይዘው የሚሠሩት መስመር «የደም ዱካ» ተብሎ ይለይ። ሽቫይስሁንትና ብለድሃውንድ ሥራቸውን ለመግለጽ ሲጠሩ «ደም ተከታይ ውሻ» ይባሉ፤ የዘር ስም ሆነው ሲመጡ ግን እንዳሉ ይጻፉ። ለአንሹስ «የተመታበት ስፍራ» የሚል ገለጻ ለጊዜው ተይዟል፤ በአንድ ቃል የሚተካ ስም የሚያውቅ፣ በተለይም በቆላው አገር ከአዳኞች አፍ የሰማ አንባቢ ካለ፣ ቃሉን ከሰማበት ቀበሌ ጋር ጽፎ ቢልክልን ካርዱ ክፍት ነው።